ለሩቅ ሰው የሚበራ

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጉም የሚኒባሱን መስታወት ይሸፍነዋል፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። እኔም ለዚያች ፀሐይ ብዬ ነው ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር የምመላለሰው። ሥራዬ የከተማ ፕላን ነው፤ ከሚፈጀው በላይ መብራት የሚያመነጭ ሰፈር እያቀድን ነበር። የቢሮ ጓደኞቼ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያሉ ይተርቡኛል። ተረብ ስለማልችል እበሽቃለሁ።

ለሙከራ በአንድ የፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ጣሪያ ላይ ሶላር ሰቀልን። ነዋሪዎቹን ሰብስበን፣ ያልተጠቀማችሁበት መብራት በሽቦ ሄዶ ሩቅ ላለ ሰው ይበራል አልናቸው። አብዛኞቹ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ገዝተው ያመነጩትን ራሳቸው ጨረሱት። አንድ ቤት ብቻ ያመነጨውን ሁሉ ይሰጣል፤ ለራሱ ማታ እንኳ አምፖል አያበራም። ደስ አለኝ። ለአለቆቼ አርአያ አድርጌ ላሳየው አሰብኩና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሄድኩ።

የከፈቱልኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። ከመብራቱ ሥራ መምጣቴን ብነግራቸውም፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ትከሻዬን አልፈው ያያሉ። ፀሐይ እያለች መስኮቶቹ ተዘግተዋል። በዚያ ጨለማ ሳይደናቀፉ ወንበር አምጥተው ከአንድ የተነጠፈ አልጋ አጠገብ አስቀመጡኝ። ትራሱ ላይ የፋብሪካ ጋውን ታጥፎ ተቀምጧል። ከግድግዳው ቆጣሪ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

ጋውኑ የልጃቸው ነው። ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቷል። በስሟ ሰደቃ ሲያወጡ ኖረው፣ የስብሰባውን ወሬ ሲሰሙ መብራቱንም ሰደቃ አደረጉት። መስኮቱን የሚዘጉት ቀይዋ ደህና እንድትታያቸው ነው። ብልጭ ባለች ቁጥር ልጃቸው ያለችበት ቤት የሚበራ ይመስላቸዋል፤ ቆጣሪውንም ያናግሩታል።

"ወላሂ እውነቱን ንገሪኝ ልጄ። ኸሷ ዘንድ ደርሷል?" አሉኝ።

ፈራሁ። መዋሸት አማረኝ፤ አፌ ግን ቀደመኝና ሽቦው ባሕር እንደማይሻገር፣ ቢርቅ ቢርቅ ደሴ እንደሚደርስ ነገርኳቸው። ቀይዋ ብልጭ ስትል ፊታቸው ታየኝ፤ ወዲያው ጠፋ።

"አንቺ የት ነው የምትኖሪ?"

"ሆጤ፣ እማማ።"

"እንግዲያው አንቺ ዘንድ ደርሷል። ማታ ስታበሪ ስሟን ጥሪልኝ።" ስሟንም ነገሩኝ።

ሲመሽ ሆጤ ደረስኩ። የምኖረው ብቻዬን ነው። መስኮቴ በርቷል። ጠዋት አጥፍቼ መውጣቴን እምላለሁ። ደጁ ላይ ቆሜ ስሟን ጠራሁ፤ የመለሰልኝ የለም። ገብቼ ላጥፋው ብል እጄ እምቢ አለኝ። እሳቸው ታች ኮምቦልቻ በጨለማ ተቀምጠው፣ እኔ ዘንድ እስኪነጋ በራ።