ጋሼ ኖቶሪየስና የዱሬቲ ታፔላ

ጋሼ ረድዋን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ታፔላ ላይ ከመጻፋቸው በፊት ሦስት ሰው ይጠይቃሉ፤ የታፔላውን ባለቤት የሚወድ አንድ፣ የማይወድ አንድ፣ ጨርሶ የማያውቀው አንድ። የሰሙትን በሰማያዊ ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። ቡሩሻቸው ቀለም የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ መቱ ውስጥ የቸኮለ ሰው እሳቸው ዘንድ አይሄድም። የቸኮለ ባነር ያሳትማል፤ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። ባነሩ ግን የመቱን ክረምት ሁለት ጊዜ አይሻገርም። የጋሼ ረድዋን ቆርቆሮ ከሃያ ዓመት በኋላም ይነበባል። ከመናኸሪያው እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ስሄድ የእጅ ጽሑፋቸውን እየለየሁ እሄዳለሁ። አፋን ኦሮሞው ከላይ፣ አማርኛው ከመካከል፣ እንግሊዝኛው ከታች፤ ሦስቱም እንደ አንድ ቤት ልጆች ይመሳሰላሉ። ትምህርቴን ጨርሼ ከሱቃቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ከተከራየሁ ወዲህ ይህን ማየት ሥራዬ ሆኗል።

መቱ የገቡት ገና ጢም ሳያበቅሉ ነው፤ ከስልጤ፣ የአጎታቸውን ሱቅ ሊጠብቁ። የስኳሩንና የሳሙናውን ዋጋ በካርቶን ላይ ሲጽፉ ገዢው ሳይገዛ ቆሞ ጽሕፈቱን ያይ ጀመር። ክልሉ ተቋቁሞ መሥሪያ ቤቶች ታፔላቸውን በቁቤ ማስጻፍ ሲፈልጉ፣ ጎረቤታቸው የነበሩ አንድ አስተማሪ ፊደሉን አስጠኗቸው። በአንድ በጋ አርባ ታፔላ ጻፉ። አጎታቸው ሌላ ሱቅ ጠባቂ ፈለጉ።

እንግሊዝኛውን ግን ማንም አላስጠናቸውም። ከመናኸሪያው በር ላይ የገዟት ሽፋኗ የተገነጠለ የኪስ መዝገበ ቃላት ነበረቻቸው፤ በእሷ ተማምነው ይጽፉ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ጸጉር አስተካካዩ ተስፋሚካኤል ሰፊ ቆርቆሮ ይዞ መጣና «የታወቀ ጸጉር አስተካካይ» ብለው በሦስቱም ቋንቋ እንዲጽፉለት ጠየቀ። ሁለቱ መስመሮች ቆርቆሮውን ከዳር እስከ ዳር ሞሉት። እንግሊዝኛው ላይ ሲደርሱ ፌመስ የሚለው ቃል አጭር ሆነና ግራና ቀኙ ባዶ ቀረ። ባዶ ቦታ ደግሞ ለታፔላ ጸሐፊ እንደ ቀዳዳ ጣሪያ ነው፤ እንቅልፍ አያስተኛም። መዝገበ ቃላቷን ሲያገላብጡ ከታች ረዘም ያለ ቃል አገኙ፤ ኖቶሪየስ ይላል፤ ትርጉሙም «በጣም የታወቀ» ተብሎ ተቀምጧል። ለክተው ጻፉት፤ ልክክ አለ።

ታፔላው ሁለት ዓመት ተሰቀለ። ሶር ፏፏቴን ለማየት የመጣ አንድ ፈረንጅ ከመኪናው ወርዶ አነበበውና እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ በአስጎብኚው በኩልም በክፋቱ ስሙ በወጣ ሰው እጅ መላጨት ሁሌም ምኞቱ እንደነበር ነገረው። ተስፋሚካኤል አልተቀየመም፤ እንዲያውም ገበያው ደራለት። ስሙ ግን ወደ ጸሐፊው ዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመቱ ሱቆች ሁሉ ረድዋን የሚላቸው ጠፍቶ ጋሼ ኖቶሪየስ ተባሉ። ቀድሞ በየታፔላው ጥግ ላይ በትንሹ ይጽፉት የነበረውን ስማቸውን ያን ዓመት ተዉት፤ በምትኩ ደብተሯን ገዙ።

ደብተሯን መጀመሪያ ሲያሳዩኝ፣ «የታወቀ» ለማለት የሰበሰቧቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ተመሳሳይ ትርጉም እንዳላቸው ዩኒቨርሲቲ መማራችንን ነገርኳቸው።

«ቀይና ብርቱካንም ከሩቅ አንድ ናቸው» አሉኝ። «ጎን ለጎን ቀብተህ እያቸው።»

አየኋቸው። ዌል ኖውን፣ ይላል በእርሳስ የተጻፈው፣ ሰፈሩና ገበያው የሚያውቀው ነው፤ ሰላም ብለውት የሚያልፉት። ፌመስ ግን ካላዩት ሰው አፍ የሚገኝ ስም ነው፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ ቃሉ ራሱ ብዙም አይጨነቅም። ሪናውንድ ለባለሙያ ነው፤ እጁን ብለው ከሩቅ የሚመጡለት። ከዚህኛው አጠገብ አንድም የመቱ ሰው ስም አልተጻፈም፤ ጋሼ ረድዋን ለሃያ ዓመት ያህል ቃሉን ለማንም ሳይሰጡ አስቀምጠውታል። ኖቶሪየስ ለብቻው አንድ ገጽ ይዟል። «ስሙ ሲጠራ ሰው ኪሱን የሚዳብስለት» ይላል። አራት ዓመት ተምሬ እንዲህ የጠራ ነገር አላነበብኩም።

ባለፈው መስከረም ማር ሻጯ ዱሬቲ ቆርቆሮ አሸክማ መጣች። ወደ ሶር በሚወስደው መንገድ መነሻ ላይ ሱቅ ልትከፍት ነው። ልጇ ኡርጂም ኮሌጅ ጨርሳ አብራት ልትሠራ ነው።

«ኦቦ ረድዋን፣ ፌመስ የምትለዋን ይጻፉልኝ» አለች። «የሚያልፉት እንግዶች የሚያውቋት እሷን ነው።»

ጋሼ ረድዋን ቆርቆሮውን በጣታቸው ይዳብሱ ጀመር። ያመነቱበትን ምክንያት መቱ ሁሉ ያውቀዋል። በ2006 ዓ.ም. ዝናቡ አበባውን አርግፎ ከኖፓ ወረዳ የሚመጣው ማር ባነሰበት ወቅት፣ ዱሬቲ ለአንድ ሰርግ ቤት በሸጠችው ማር ውስጥ የስኳር ውኃ ጨምራበት ነበር። ብርዙ ሊበረዝ ጀሪካኑ ሲገለበጥ ስኳሩ ከስር እንደ አሸዋ ተቀምጦ ተገኘ። ጀሪካኑ በገበያው መካከል ዞረ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ስሟ ዱሬቲ ሱካራ ሆነ፤ ስኳሯ ዱሬቲ ማለት ነው።

«አዴ ዱሬቲ» አሉ በመጨረሻ፣ «ፌመስ ብለን ብንሰቅለው፣ የመቱ ሰው ቆሞ ‹በምን?› ይላል። መልሱንም ራሱ ይሰጣል።»

«ለዚህ ነው እርስዎ ዘንድ የመጣሁት» አለች። «እኔስ ለምጄዋለሁ። ልጄ ግን የሱካራ ልጅ ተብላ እንድትጠራ አልፈልግም። ሦስቱን ሰው ይጠይቁ፤ ያሉትንም ሳይቀንሱ ይንገሩኝ።»

በማግስቱ ደብተሯን ይዘን ወጣን። የሚወዳትን ለማግኘት ስንጠይቅ፣ ሰዎች ኩመራ ወደሚባለው አናጺ መሩን። ስሙን ስሰማ ተሳስተዋል ብዬ ነበር፤ ያ የተበላሸው ሰርግ የእሱ ልጅ ሰርግ ነውና። ኩመራ መጋዙን አስቀምጦ ነገሩን እንደ ሩቅ ዘመን ታሪክ አወራልን። ሁለተኛ ልጁን ሲድር ዱሬቲ ሳትጠራ ማር ይዛ መጥታ ነበር፤ ክንድ የሚያህል ሸንበቆም በእጇ ይዛለች። ሸንበቆውን እስከ ጀሪካኑ ወለል ሰዳ ከስር አውጥታ፣ በሰው ሁሉ ፊት አቀመሰችው። ከዚያ በኋላ ለማንም ከላይ ቀድታ ሸጣ አታውቅም። ገዢው ቢቸኩልም፣ ቢምልላትም፣ ሸንበቆው መጀመሪያ ወለሉን ይነካል። ኩመራ ይህን ሲናገር ከእሷ ይልቅ እሱ የኮራ ይመስል ነበር።

የማይወዳት ሊቺ ናት፤ በገበያው ፊት ለፊቷ ማር የምትሸጥ። ጥያቄውን ሳንጨርስ ቀደመችን።

«ሱካራን የማያውቅ ማን አለ? የዩኒቨርሲቲው አስተማሪዎች ሳይቀሩ ያውቋታል።» ቀጥላም የማሯን ክዳን እየጠረገች አሰበች። «የእኔ ሲያልቅ ደንበኞቼን ወደ እሷ ነው የምልካቸው። ከእኔ ቀጥሎ እሷ ናት። ይህንንም ይጻፉት፣ ግን እኔ እንዳልኩ አይንገሯት።»

ጋሼ ረድዋን ሁሉንም እንደሚናገሩ ነገሯት። ሊቺ ትከሻዋን ነቀነቀችና፣ እንግዲያው «ከእኔ ቀጥሎ» የሚለው እንዳይረሳ አሳሰበች።

የማታውቃትን ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አገኘናት፤ ራሄል የምትባል፣ ከደብረ ብርሃን በመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ የሆነ ተማሪ። ዱሬቲ የሚባል ሰው ሰምታ እንደማታውቅ ነገረችን። ማር መግዛት ብትፈልግ ከማን እንደምትገዛ ጋሼ ረድዋን ጠየቋት።

«ከባለ ሸንበቆዋ» አለች ወዲያው። «አይቻት አላውቅም። ዶርም ውስጥ ግን እንደዚያ ይላሉ።»

እርሳሳቸው ቆመ። ካላዩት ሰው አፍ የሚገኝ ስም፤ ራሳቸው የጻፉት ነው። ፌመስን ያለ ሐፍረት መጻፍ ይችላሉ ማለት ነው። እስከ ሱቁ ድረስ ባጃጅ ሳንይዝ በእግራችን ተመለስን፤ እሳቸው ፈገግ እያሉ፣ እኔ ሸንበቆ እንዴት የሰው ስም እንደሚሆን እየተደነቅሁ።

ዱሬቲ ከኡርጂ ጋር መጥታ ስትጠብቀን አገኘናት። ጋሼ ረድዋን መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱንም እንደ ፍርድ ቤት ጸሐፊ አነበቡላት። «ሱካራን የማያውቅ ማን አለ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ አለ፤ ግን አልዘለሉትም። ኡርጂ ወደ እናቷ ዞረች። ዱሬቲ የነጠላዋን ጥለት እየቆጠረች ሰማች። የሊቺ «ከእኔ ቀጥሎ» ሲነበብ ግን ሳቋ አመለጣት።

«እንግዲህ ፌመስ ይገባዎታል» አሉ ጋሼ ረድዋን። «እጽፈዋለሁ። ማንም አፉን አይከፍትም።»

ዱሬቲ የነጠላዋን ጥለት ለቀቀች።

«ጀሪካኑ ገበያውን ሲዞር ያኔ ፌመስ ነበርኩ» አለች። «የማላውቀው ሁሉ ያውቀኝ ነበር። እሷን ቃል አንዴ ቀምሻታለሁ። ሊቺ ደንበኛዋን ስትልክልኝ፣ ኩመራ በስሜ ሲኮራ፣ ለዚያ የትኛው ነው የሚጻፈው?»

«ዌል ኖውን» አሉ ጋሼ ረድዋን በቀስታ። «ትንሽ ነው፤ የሰፈር ነው።»

«እሱን ይጻፉልኝ። ኡርጂ የምትኖረው ከሰፈሩ ጋር ነው።»

ልጅቷ ራሷ የምትለውን ጠየቋት። ኡርጂ የሱካራ ልጅ መባልን ከድሮም እንደምታውቀው፣ የባለ ሸንበቆዋ ልጅ ከተባለች ግን አቤት እንደምትል ነገረቻቸው። እናቷ አቀርቅራ ዓይኗን ጠረገች፤ ጋሼ ረድዋንም ጠመኔ የሚፈልጉ መስለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ታፔላው አራት ቀን ፈጀ። «የዱሬቲና የኡርጂ ማር» ይላል በሦስቱም ቋንቋ፤ እንግሊዝኛው በመቱ ዌል ኖውን መሆናቸውን ይጨምራል። ቃሉ ቆርቆሮውን ስላልሞላው ባዶ ቦታ ተረፈ። ጋሼ ረድዋን በዚያ ባዶ ቦታ ላይ አንድ ረጅም ሸንበቆ ሳሉ፤ ጫፉ ላይ የማር ጠብታ።

ዱሬቲ ልትወስደው ስትመጣ ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጥጉን መረመረች።

«የእርስዎ ስም የታል?»

እሳቸው ስማቸውን መጻፍ ከተዉ እንደቆዩ፣ የኖቶሪየስንም ስም ጥግ ላይ ማየት የሚፈልግ እንደሌለ ነገሯት።

«እኔ የእኔን አስጽፌ የለ?» አለች። «እስኪጽፉ አልወስደውም።» ሄዳም የቀለም ቆርቆሮ ገልብጣ ተቀመጠችበት።

ጋሼ ረድዋን ቀጭኗን ቡሩሽ መረጡ። ለዓመታት ሳይጽፉት የቆዩት ስም ነበርና የ«ረ» እግር በትንሹ ጠመመች፤ እንዳለች ተዉአት። ያን ጊዜ በመንገድ የሚያልፍ የባጃጅ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ ኖቶሪየስ፣ እንደምን ዋሉ!» አላቸው። ከቆርቆሮው ቀና ሳይሉ ቡሩሿን ከፍ አድርገው መለሱለት፤ ከዚያም «ዋን» የሚለውን ጨረሱ።