አባቴ ያቀናው መንደር

አባቴ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው እግሩ ስለተሰበረ ብቻ ነው። አንዋር መስጊድ አካባቢ ቅመማ ቅመም በጅምላ ይሸጥ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በሠራበት መጋዘን ውስጥ አንድ የነጭ አዝሙድ ጆንያ ሊያወርድ ክምር ላይ ወጣ፤ ክምሩ ከነእሱ ተናደ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሮ በጄሶ ታሰረ። ሐኪሙም ሁለት ወር መሬት እንዳይረግጥበት አዘዘ። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው።

አባቴ በጤናው ጊዜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በኋላ ቤት ተገኝቶ አያውቅም። ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ያለችው ቤታችን እኩለ ቀን ላይ ምን እንደምትመስል ያየው ያኔ ይመስለኛል። ባየ ቁጥር ደግሞ አስተያየት አለው። ሽንኩርቱ ለምን እዚያ ተቀመጠ፣ ከሰሉ ለምን ከምድጃው ራቀ፣ ባልዲው ለምን መተላለፊያ ላይ ሆነ? በአንደኛው ሳምንት ማብቂያ እናቴ መረራት። ባለ መደገፊያውን ወንበር እየጎተተች እኔ ክፍል አስገባችና፣ "እስቲ ይሄን ሰውዬ ያዢልኝ" ብላኝ ወጣች።

እኔ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ የምማረውም ኮምፒውተር ነው። አባቴ "ለትምህርቷ ይሁናት" ብሎ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶልኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከትምህርቱ ይልቅ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ በሲዲ ያዋሰችኝን ጌም ነበር የምጫወትበት። ጌሙ መንደር መገንባት ነው። ባዶ መሬትና ጥቂት ቤተሰብ ይሰጥሃል። እንጨት ይቆረጣል፣ ቤት ይሠራል፣ ይታረሳል፣ ጎተራና መጋዘን ይቆማል። በዓመት አንድ ጊዜ በወንዙ ላይ በጀልባ የሚመጣ ነጋዴ አለ፤ ከእሱ ጋር ዕቃ በዕቃ መለዋወጥ ነው። ከዚያ ብርዱ ይገባል። የኔ ሰዎች ሁልጊዜ ሦስተኛው ብርድ ላይ ያልቃሉ።

ያን ቀንም እያለቁ ነበር።

"ምንድን ነው እሱ?" አለኝ አባቴ።

"ጌም ነው፣ አባዬ። መንደር ነው የምገነባው።"

መነጽሩን አድርጎ አንገቱን አሰገገ። "ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው? ጥጥ ዘርተሽ ነው?"

"በረዶ ነው። የፈረንጅ አገር ክረምት ነው።"

"ሰዎቹስ ምን ሆነው ነው የሚወድቁት?"

"እየሞቱ ነው። ርቧቸው።"

ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ጎተራ።"

"ባዶ ነው?"

"አይ፣ እህል አለበት።"

ዞር ብሎ አየኝ። በርበሬው ላይ አሸዋ የቀላቀለበትን ሰው እንኳን እንደዚያ አላየውም። "ልጄ፣ ጎተራ ውስጥ እህል እያለ ነው ሰው በረሃብ የሚሞተው?"

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እህል ያነሰኝ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ግን አንዲት ሴትዮ ከቤቷ ወጥታ ጎተራ እስክትደርስ በጣቱ ተከተላት። ወንዙን ዞረች፣ ጫካውን አቋረጠች፣ መንገድ ላይ ወደቀች።

"ጎተራውን እዚያ ጥግ ማን ወሰደው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

"ቦታ ስለነበረ።"

"ቦታ ስላገኘሽ ሱቅሽ አንዋር ሆኖ መጋዘንሽን ቃሊቲ ትወስጂዋለሽ? አፍርሺው።"

"ጎተራውን?"

"ሁሉንም። ከመጀመሪያው እንነሳ።"

እንዲህ ነው የጀመርነው። እኔ አይጤውን እይዛለሁ፣ እሱ ጄሶውን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ያዛል። መጀመሪያ ላይ ምንም አላስነካኝም። እንጨቱ ከየት ነው የሚመጣው፣ ድንጋዩስ፣ ማን ነው የሚሸከመው፣ ሲመለስ በየት ነው የሚመለሰው እያለ ይጠይቀኛል። ከዚያ ከቤትም ከእርሻም በፊት መንገድ አስዘረጋኝ። መሀል ላይ ደግሞ ሰፊ ባዶ ቦታ አስተወኝ።

"አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ቦታ እኮ ባከነ።"

"መኪና የት ሊዞር ነው ታዲያ?"

"እዚህ ጌም ላይ መኪና የለም።"

"ሰው አለ አይደል? የተሸከመ ሰውም መዞሪያ ይፈልጋል።"

ጎተራውን ከቤቶቹና ከእርሻው መሀል አስቀመጠው። የእንጨት መከመሪያውን ከጫካው አፍ፣ አንጥረኛውን ከብረቱ አጠገብ። የመጀመሪያው ብርድ መጥቶ ሄደ፤ አንድም ሰው አልሞተም። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲገባ አባቴ በረዶውን ሲያይ ቆይቶ፣ "ይኸው ጠገቡ" አለ፤ የራሱን ቤተሰብ ያጠገበ ያህል።

የሚወደው ግን ጀልባውን ነበር። እኔ ነጋዴው ሲመጣ የተረፈኝን ሁሉ አቀርብለት ነበር። አባቴ በጌሙ አቆጣጠር ሁለት ዓመት ሙሉ የሰውየውን ጠባይ አጠና። ምን ላይ እጁ ይፈታል? ምን ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል? የቆዳ ካፖርት እንደሚወድ ደረሰበት። አዳኙን፣ ቆዳ ፋቂውንና ልብስ ሰፊዋን በአንድ መስመር አስደርድሮኝ፣ ካፖርቱ ጀልባው ከመምጣቱ በፊት ወደቡ አጠገብ ተከምሮ እንዲጠብቅ አደረገ። በለውጡ ዘርና በግ መግባት ጀመረ። ነጋዴው ማገዶ ሲጠይቅ ግን አባቴ ንቅንቅ አይልም። "ማገዶውን አንነካም። ብርዱ ሲገባ ከማን ልንገዛ ነው?" ይላል። እኔ ምሳ ላቀራርብ ወጥቼ ከሆነ ከክፍሉ ውስጥ፣ "ነይ! ጀልባው መጣ!" ብሎ ግቢውን ያደባልቀዋል። እናቴ መጀመሪያ ላይ እውነት እንግዳ የመጣ መስሏት ነጠላዋን ትፈልግ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ድርግም ብሎ የሁለት ሰዓት ሥራ ጠፋብን። ሴቭ ማድረግ የሚባል ነገር እንዳለ ስነግረው በጣም ተናደደ። "እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር?" አለኝ። ከዚያ ወዲያ በየአሥር ደቂቃው "ሴቭ!" ማለት ሥራው ሆነ።

እኔም አንድ ነገር አሳይቼዋለሁ፤ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። መንደሩ ሞልቶ፣ ጎተራው ሞልቶ፣ በድንገት ሰው ማነስ ጀመረ። አባቴ ረሃብ መስሎት አንድ መጋዘን ጨመረ። አሁንም ቀነሱ። ሌላ ጨመረ። እኔ ሰዎቹን አንድ በአንድ ከፍቼ ዕድሜያቸውን አየሁ።

"አባዬ፣ አርጅተው ነው።"

"ወጣቶቹስ?"

"ቤት የላቸውም። ቤት ካላገኙ አይጋቡም፤ ካልተጋቡ ልጅ የለም። መሬቱን ሁሉ መጋዘን ሠራህበት።"

ጣቱን ከመጋዘን መጋዘን አዘዋወረ። ከዚያ፣ "ስንት መጋዘን አለን?"

"ዘጠኝ።"

"አንቺ ብትሆኚ ስንት ይበቃሻል?"

"አራት።"

"በይ አምስቱን አንሺና ቤት ሥሪበት" አለ። አባቴ በሥራ ጉዳይ "አንቺ ብትሆኚስ" ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

በጄሶ ከታሰረ ወር ገደማ ሲሆነው አንድ አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሦስት የንግድ ጓደኞቹ ሊጠይቁት መጡ። የመጡበትን ረስተው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ቁጭ አሉ። አንደኛው፣ ምንጣፍ ነጋዴው፣ "ሐጂ፣ በጎቹን ከወደቡ አርቀሃቸዋል" አለ። ሌላው "የበግ ሽታ ወደብ ላይ ምን ይሠራል?" ብሎ ተቃወመው። ሲከራከሩ ሻዩ ቀዘቀዘ። ሲወጡ አንዱ ለእናቴ፣ "ሐጂ የተመታው እግሩን ብቻ አይደለም" አላት። አባቴ ሰምቶ ከልቡ ሳቀ። ያን ዕለት ሁለት መቶኛው ሰው ተወልዶ ነበር፤ ለሦስቱም በየተራ አሳያቸው። "አቀማመጡ የሷ ነው" እያለ እኔን ይጠቁማል። አልነበረም፤ የሁለታችን ነበር። ግን አላረምኩትም።

በማግስቱ ታላቅ ወንድሜ ተበሳጭቶ መጣ። አባቴ ከተኛ ጀምሮ ሱቁን የያዘው እሱ ነው። በዓል እየቀረበ ነው፣ መጋዘኑ ግን አላሠራ አለኝ አለ። አንድ ጆንያ ኮረሪማ ለማውጣት አሥር ጆንያ ሌላ ነገር ማንሳት አለባቸው።

አባቴ ወደኔ ዞረ። "ሂጂና አስተካክዪለት።"

"እሷ?" አለ ወንድሜ።

"ሁለት መቶ ሰው የምታበላ ልጅ ናት" አለው አባቴ፤ ምንም ሳይስቅ።

እኔ እስከዚያ ቀን መጋዘኑ በር ላይ ምሳ አቀብዬ ከመመለስ በቀር ገብቼበት አላውቅም። ሄድኩና ወለሉን በእርምጃ ለክቼ በስኩዌር ደብተር ላይ ነደፍኩት። ሁለት ቀን በር ላይ ቆሜ ምን በብዛት እንደሚወጣ፣ ምን ጨርሶ እንደማይነካ ያዝኩ። መሀል ለመሀል ሁለት የተሸከሙ ሰዎች የሚተላለፉበት መንገድ አስከፈትኩ። ጫኝና አውራጆቹ አጉረመረሙ። አለቃቸው፣ አባቴ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ አብረውት የነበሩ ሽማግሌ፣ "የኔ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ባዶ ቦታ ለምንድን ነው?" አሉኝ።

"ለእርስዎ መዞሪያ ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው።

መንገዱን አየት አደረጉና፣ "እስቲ ይሁን" ብለው ጆንያ አነሱ።

ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውን ሁሉ በር አጠገብ አደረግሁ። ከእነሱ አንዱ ሚጥሚጣ ነበር። ነፋሱ በበሩ ሲገባ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ማስነጠስ ጀመረ። ገዢዎች ዓይናቸውን እያሹ ወጡ። ወንድሜ እያስነጠሰ ለአባቴ ስልክ ደወለ፤ የአባቴ ሳቅ ከስልኩ ውስጥ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። አፍሬ፣ ሚጥሚጣውን ወደ ኋላው መስኮት አዘዋወርኩት። ያን ቀን ቤት ስገባ አባቴ፣ "ጨርሰሽ ነው የመጣሽው?" ብቻ አለኝ። አልጨረስኩም ነበር። በነጋታው ሄጄ ጨረስኩ።

የበዓሉ ሳምንት ከክፍለ ሀገር የመጡት መኪኖች በተርታ ቆሙ። በየዓመቱ መብራት አብርተው የሚጭኑትን ያን ጊዜ ከአሥር ሰዓት በፊት ጨረሱ። ሽማግሌው አለቃ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን እያራገፉ፣ "ጉልበቴ ዛሬ አልተጣላኝም" አሉ። ወንድሜ ደግሞ የኔን ንድፍ ግድግዳው ላይ በምስማር መታው።

አባቴ ጄሶው ተፈቶለት በክራንች የተመለሰ ዕለት አብሬው ሄድኩ። በመሀለኛው መንገድ ቀስ እያለ እስከ ጥግ ሄደ። ተመለሰ። አንድ ጆንያ በክራንቹ ነካ አደረገ፣ ከወለሉ ከፍ እንዲል ከሥሩ ያስገባሁትን ጣውላ ጎንበስ ብሎ አየ። ከጅማ የመጣ አንድ የቆየ ደንበኛው ገብቶ፣ ተቃቅፈው ስለ እግሩ ካወሩ በኋላ፣ ጥቁር አዝሙዱ የት እንደሄደ ጠየቀው። ሰውየው የጥንቱን ጥግ ለምዶ ነበር።

"እኔን አትጠይቀኝ" አለው አባቴ። "ለልጄ ንገራት፤ ቦታውን የምታውቀው እሷ ናት።"

ሰውየው እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

"ሦስተኛው ረድፍ፣ በስተግራ" አልኩ፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። አለቃው ወዲያው የጥቁር አዝሙዱን ጆንያ ከረድፉ አነሱና በተከፈተው መንገድ እያለፉ ሄዱ።