ጋሽ ጥብቄ ያጠበቁት ካንዴላ

ለጎረቤታችን ለጋሽ ጥብቄ ይህ ስም የወጣላቸው በእጃቸው ምክንያት ነው። የነኩትን ሁሉ ካላጠበቁ አይለቁም። እሳቸው የዘጉት ቧንቧ እሳቸው ከሥራ እስኪመለሱ ውሃ አይሰጥም። የማርማላታውን ክዳንማ ተዉት።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ያረጀች ሰማያዊ መኪናቸውን ነው። ባለፈው ዓርብ ግን ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ ቁርጡን ነገሯቸው።

«እሑድ እህቴ ቤት አድርሳ ካልመለሰችኝ ሰኞ ትሸጣለች። ስገፋት ኖሬ ወገቤ አለቀ!»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ጥብቄ አዲስ ካንዴላ ገዝተው ኮፈኑን ከፈቱ። ከሞተሩ አራት ካንዴላዎች አንዱ እሳት መስጠት ስላቆመ መኪናዋ እየተንተባተበች ነበር። አሮጌው ካንዴላ ግን ወይ ፍንክች! የካንዴላ መፍቻ ቁልፉን ይዘው ሲታገሉ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

«ማነው እንዲህ አርጎ ያሰረው? እጁ ይሰበር!»

«ኧረ ራስህን አትርገም፤» አሉ እትዬ በመስኮት ብቅ ብለው። «አምና ያሰርከው አንተ ነህ።»

ጋሽ ጥብቄ ረጅም የብረት ቱቦ አምጥተው የቁልፉ እጀታ ላይ ሰኩ። እትዬ ሮጠው ወጡ።

«በዚህ ከጎተትከው ይሰበራል! ግማሹ ውስጥ ከቀረ እኮ የምንሸጣት በኪሎ ነው!»

«አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ሞተር አላውቅም። አንተ ያጠበቅከውን ስከፍት ግን ዕድሜዬ አለቀ። የማርማላታውን ክዳን ሞቅ ሳደርገው ይለቃል። ይሄንንም ሞተሩ ያሙቀው፤ አስነሳት!»

ሞተሩ በሦስት ካንዴላ እያሳለ ትንሽ ሠራና ጠፋ። በሞቀው ካንዴላ ሥር ዘይት ጠብ አድርገው ተቀመጡ። ለጋሽ ጥብቄ ከመታገል ይልቅ መጠበቅ ይከብዳል። በተነሡ ቁጥር «ቁጭ በል!» ይባላሉ። በመጨረሻ ቁልፉን ትንሽ ወደ መፍቻው፣ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ እንደገና ወደ መፍቻው እያሉ እንደ ሕፃን አባበሉት። ሲጥ አለ። ከዚያ ሙሉው ወጣ።

አዲሱን ሊያስገቡ ሲሉ እትዬ ቁልፉን ነጠቋቸው። ካንዴላውን በጣታቸው እስኪቆም አዞሩት፤ በቁልፉ ጥቂት ብቻ ጨመሩ።

«እስቲ እኔ ደግሞ አንዴ ብቻ...»

«እጅህን ሰብስብ!»

እሑድ መኪናዋ ማንም ሳይገፋት ደርሳ ተመለሰች። የካንዴላ መፍቻው ቁልፍ መንገዱን ሁሉ እትዬ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ገና ቤት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ እህትየው ደወሉ።

«የመታጠቢያ ቤቴን ቧንቧ የዘጋው ማነው?»

እትዬ ባላቸውን አዩ። ጋሽ ጥብቄ ጣሪያውን አዩ።

«አስነሳት፤» አሉ እትዬ።