ፀሐይዋ የት ደረሰች?

ወይዘሮ ሸዋዬን ያወቅኋቸው በጩኸታቸው ነው። ሳይመሽ መራዊ የምደርስበት ጉዳይ ነበረኝ፤ ከመሳፈሬ በፊት ትንሽ ነፋስ ልቀበል ብዬ ባሕር ዳር ውስጥ ጣና ሐይቅ አጠገብ ካለች ዋርካ ሥር ተቀምጫለሁ። ሰማያዊ የፋብሪካ ጋዋን የለበሱ፣ ሃምሳን ያለፉ ሴት፣ ውኃው ከሚደርስበት ራቅ ብለው ቆመው ስልክ ላይ ይጮኻሉ።

«አሁን የት ደረሰች? … ተራራው ላይ ናት ወይስ አልፋዋለች? … ፊትህን ነው ጀርባህን የምትመታህ? … ፀሐይዋን ነዋ! ሌላ ማንን እጠይቅሃለሁ?»

ከዚያ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ምዕራብ አዩ፤ አመዛዘኑ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስልኩን ዘጉ።

ለሽርሽር የመጣውን ሰው ፎቶ የሚያነሣ አንድ ጎረምሳ፣ «እትዬ ሸዋዬ፣ ዛሬም ወጥታለች?» አላቸው።

«ለአንተም ወጥታልሃለች፣ ሥራ ፈት!» አሉትና መጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ። «ሳቂ እኅቴ፣ ግድ የለም። እዚህ የማይስቅብኝ የለም።»

እኔ ግን አልሳቅሁም። ዓይናቸው ከውኃው አልተነሣም፤ ሐይቁ ደግሞ የተኛ ያህል ጸጥ ብሏል።

«ልጅዎ ነው?» አልኋቸው።

«ልጄ ነው። ውኃ ላይ ነው።»

ወሬ ከተነሣ መኪና ቢያመልጠኝም የማልነሣ ሰው ነኝ። ጠጋ አልሁ። እሳቸውም አወሩኝ።

ተወልደው ያደጉት ዘጌ ነው። ልጅ ሳሉ ታላቅ ወንድማቸው በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። «ታንኳው ተመለሰ። እሱ አልተመለሰም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከጣና ውኃ እግራቸውን እንኳ ታጥበው አያውቁም። ፋብሪካ ገብተው ክር ሲፈትሉ ኖሩ፤ ባላቸው ከሞተ በኋላም ልጆቻቸውን ቴዎንና ኪዲን ብቻቸውን አሳደጉ።

ቴዎ ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ አጥቶ ተቀመጠ። የእሱ ጓደኛ ግሩም በመተማ በኩል ወጣ፤ «ሊቢያ ገብቷል» ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። የግሩምን እናት ቤት በር ሲያዩ ወይዘሮ ሸዋዬ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያልፉት።

አምና ክረምቱ ሲወጣ ቴዎ፣ «ጎንደር ሥራ አገኘሁ። ቢሮ ነው እማዬ፤ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው» ብሎ ሄደ።

«ቢሮ ይበል እንጂ፣ ሲደውል ከኋላው ነፋስ ያፏጫል። ‹ይህ ምንድን ነው?› ስለው፣ ‹ቬንትሌተር ነው› ይለኛል። እኅቴ፣ እኔ ሞኝ ነኝ? የሰማይ ነፋስና የቬንትሌተር ነፋስ የማልለይ? ጎረቤት ደግሞ፣ ‹ከበረሃ ሲደውሉ እንደዚያ ነው የሚሰማው› አለኝ። በቃ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኔ ሄደ።»

እውነቱ ሌላ ነበር። ቴዎ የተቀጠረው ሐይቁን የወረረውን እምቦጭ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ነው። በጀልባ እየዞሩ አረሙ የደረሰበትን ቦታ ሁሉ በስልክ ላይ በቁጥር ይይዛሉ። ለእናቱ ጣና ላይ ነኝ ማለት ጨነቀውና በቢሮ ሸፈነው።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን፣ ወደ ማታ ላይ፣ ወይዘሮ ሸዋዬ ሽንኩርት ይልጣሉ። የሰባተኛ ክፍሏ ኪዲ ወንድሟ ገዝቶ ግድግዳ ላይ ከለጠፈላት የዓለም ካርታ ሥር ተቀምጣ ታጠናለች። ስልኩ ጮኸ።

«‹እማዬ፣ አትደንግጪ› አለኝ። ከዚህ ወዲያ የማትደነግጥ እናት ካለች አሳዪኝ! ‹ሞተሩ ቆሟል … ውኃ መሀል ነን … ፀሐይዋ ልትገባ ነው … ለኪዲ ቁጥር …› አለና ጠፋ። መልሼ ብደውል ዝግ ነው።»

ወዲያው መልእክት ገባ። ሁለት ቁጥር ብቻ፦ 12.15፣ 37.45።

ኪዲ ስልኩን ከእናቷ እጅ ወሰደችው። «ይህማ ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው! መምህር ፍሬ ስብሐት አስተምረውናል። ያለበትን ቦታ ነው የላከው፤ ቆይ አሁን አገኘዋለሁ» ብላ ወንበር ላይ ወጣች። አንዱን ጣቷን በእንግሊዝ አገር በኩል ከምትወርደው የዜሮ መስመር ወደ ምሥራቅ ነዳችው፤ አሥራ ሁለት። ሌላውን ከምድር ወገብ ወደ ላይ አወጣችው፤ ሠላሳ ሰባት። ሁለቱ ጣቶች ተገናኙ።

ሰማያዊ ላይ። ከበታች ሊቢያ፣ ከበላይ ጣሊያን።

«ልጅቱ ጣቷን ማንሣት አቃታት» አሉኝ ወይዘሮ ሸዋዬ። «ዞራ አየችኝ። እኔ ማንበብ እችላለሁ እኮ! ስሙን አነበብሁት። ከዚያ በኋላ የጮህሁትን አላውቀውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።»

ቤቱ በሰው ሞላ። ለሠርክ ጸሎት ሊወጡ የነበሩት ጎረቤት፣ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ መቋሚያቸውን እንደ ያዙ ገቡ።

«ምንድን ነው? ሸዋዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«የኔታ፣ ልጄን ባሕር በላው! እንደ ወንድሜ፣ እንደ ግሩም!»

«ቆይ፤ ማን ነገረሽ?»

«ራሱ! አሁን ደወለ! ሞተሩ ቆሟል፣ ፀሐይዋ ልትገባ ነው አለኝ።»

መሪጌታ ወደ በሩ ዞሩ። የማታዋ ፀሐይ ደፉ ላይ ቀልታ ተኝታለች። «ይህችው ፀሐይ? አሁን? እዚያም ከእኛ ጋር እኩል ነው እንዴ የሚመሸው?» ብለው ጠየቁ። እንዲያው ሊያጽናኑ የሚናገሩት ጠፍቷቸው ነው እንጂ ሌላ ነገር አስበው አልነበረም።

አካሉ የሚባል የጎረቤት ሰው፣ «ፀሐይ አንድ ናት የኔታ፤ ለጣሊያን ሌላ አልተሠራችላቸውም» አለ።

ኪዲ ልቅሶዋን ድንገት አቆመች። ወለል ላይ የወደቀውን ሽንኩርት አንሥታ ደፉ ላይ፣ ብርሃኑ ውስጥ፣ ያዘችው።

«እዩ፣ ይህ መሬት ነው። ጥፍሬ ያለበት እኛ ነን። እነሱ ከእኛ ወደ ምዕራብ፣ እዚህ ናቸው። መሬት ወደ ምሥራቅ ነው የምትዞረው …» ሽንኩርቱን ቀስ ብላ አዞረችው። ጥፍሯ ያለበት ጥላው ውስጥ ገባ፤ ሌላው ቦታ ገና ያበራል። «አያችሁ? መጀመሪያ የሚመሸው እኛ ጋ ነው። አሥራ አምስት ዲግሪ አንድ ሰዓት ነው። ከእኛ እስከዚያ ሃያ አምስት ዲግሪ አለ። ስለዚህ እኛ ሲመሽብን እዚያ ገና ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፀሐይ አለ!»

«እና ምን ይሁን?» አለ አካሉ።

«እናማ ቴዎ እዚያ አይደለም! ፀሐይዋ ልትገባ ነው ብሏል፤ እኛም ጋ ልትገባ ነው። የእሱ ፀሐይና የእኛ ፀሐይ እኩል ናቸው!»

ወደ ካርታው ሮጣ ተመለሰች። ስልኩን አየች፤ ካርታውን አየች፤ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «በሒሳብ መጀመሪያ ወደ ጎን ነው የምንቆጥረው፤ ከዚያ ወደ ላይ። በካርታ ግን ኬክሮስ ይቀድማል! መጀመሪያ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ጎን! መምህር ስንት ጊዜ ተናግረዋል …» ጣቶቿን አቀያየረች። ወደ ላይ አሥራ ሁለት። ወደ ጎን ሠላሳ ሰባት። አሁንም ሰማያዊ ላይ ወደቀ፤ ግን ከምስር ፍሬ በማትበልጥ ሰማያዊ ነጥብ ላይ።

«ጣና ነው! እማዬ፣ ጣና ላይ ነው ያለው!»

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ወይዘሮ ሸዋዬ ግን ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ተንሸራተቱ።

«ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔን ግን የባሰ ብርድ ብርድ አለኝ። ያንን ባሕር እኮ አላውቀውም፤ በስም ነው የፈራሁት። ጣናን ግን አውቀዋለሁ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ነፋስ፣ ሞተር የሌለው ጀልባ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።»

መሪጌታ በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ አብረዋቸው ቅኔ የተማሩ ቄስ ነበሯቸው፤ ደወሉላቸው። ቄሱ ወደ ወደቡ ወርደው ጀልባዋ የዘገየችባቸውን የቴዎን ባልደረቦች አገኙ። ኪዲ ቁጥሮቹን በስልክ አነበበች፤ በዚህኛው ጊዜ «ወደ ላይ አሥራ ሁለት ነጥብ አሥራ አምስት! ወደ ላይ ነው ያልሁት!» እያለች። የሞተር ጀልባ ልትወጣ ሞከረች፤ እምቦጩ ውኃ ውስጥ በሚሽከረከረው የሞተሯ ክንፍ ላይ ተጠመጠመባትና ተመለሰች። የቴዎንም ጀልባ ያቆማት ይኸው ነበር። በአረሙ ላይ ተንሸራትቶ የሚያልፍ ታንኳ ብቻ ሆነ። ዓሣ አስጋሪዎች በታንኳ ወጡ።

«ታንኳ ነው አሉኝ፤ አስቢው! ወንድሜን የወሰደው ታንኳ ልጄን ሊያመጣልኝ ሄደ። ስለት ልሳል ብል የቅዱሱ ስም ከአፌ ጠፋ። ወጥተን እዚህ መጣን፤ ምን ይታየናል? ወዲያኛው ዳርቻ የት! ግን ቤት መቀመጥ አልቻልሁም። ኪዲ ጋዋኔን ይዛ፣ ‹እኔ ነኝ ያሳሳትሁ፤ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ› እያለች ትነፈርቃለች። ‹ዝም በይ፣ ዝም በይ› እላታለሁ። ነፋሱ ደግሞ ተነሣ።»

ስልኩ ሲጮኽ ማንሣት ፈሩ። ያነሣችው ኪዲ ናት።

ጀልባዋ እስከ ግማሿ ውኃ ሞልታለች፤ ቴዎና ጓደኛው ውኃውን በጫማቸው እየቀዱ ሲያፈስሱ ነው የተደረሰላቸው። «የት ነህ?» አሉት እናቱ። «መሬት ላይ ነኝ እማዬ።» አላመኑትም። «እግርህ ሥር ምን አለ?» «ጭቃ።» «ጎንበስ በልና ንካው!» ነካው። ቢሮ ብሎ የዋሸውንም እዚያው ጭቃው ላይ ቆሞ ተናገረ።

ቴዎ ዛሬም እዚያው ሥራ ላይ ነው። «ምን ላድርግ? ሌላ ሥራ ከየት ይምጣ? ብከለክለው የግሩምን መንገድ ይሄዳል። ቢያንስ አሁን አይዋሸኝም፤ ቢዋሸኝም ፀሐይዋ ትነግረኛለች። እኔ ከዚህ አያታለሁ፤ እሱ ከዚያ ይነግረኛል። እኩል ከሆነች ልጄ አገሩ ላይ ነው ማለት ነው። ከሐይቁ እስኪወጣ ደግሞ እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ይህን ሲሉኝ ከወዲያ በኩል ነፋስ መጣ። የተኛው ውኃ ጠቆረ፤ ዳር ላይ የታሰሩት ጀልባዎች እርስ በርስ ይጋጩ ጀመር። ወይዘሮ ሸዋዬ ተነሡ። ስልካቸውን አዩ፤ ምንም የለም። ደወሉ፤ አይነሣም። እንደገና ደወሉ።

«ልቆይልዎት?» አልኋቸው።

«አይ፣ ሂጂ፤ ይመሽብሻል። ከውኃው እስኪወጣ አንዳንዴ አያነሣም» አሉ፤ ከእኔ ይልቅ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል ነበር። ቁጥሬን ወሰዱ፤ ቁጥራቸውን ሰጡኝ። ትንሽ ርቄ ስሄድ ዓይናቸውን ከሐይቁ ሳያነሡ ጠሩኝ።

«እኅቴ! መራዊ ስትደርሺ ደውዪልኝ፤ እሺ? ቁጥር ግን እንዳትልኪብኝ። ፀሐይዋ የት እንደ ደረሰች ብቻ ንገሪኝ።»