ዳቦው እስኪበስል

በዚያ ክረምት አራት ጊዜ ልደቴ ተከበረ። የታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሦስት ጊዜ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እሱ አምስት። የተወለድኩት ጥር ውስጥ ነው፤ በጥር ግን ማንም ዳቦ ጋግሮልኝ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወላጆቼ ጴንጤ ናቸው። ዘመኑ የደርግ ነበርና የምንሄድበት የጸሎት ቤት ታሸገ። ከዚያ በኋላ አማኞቹ ስድስትም ሰባትም እየሆኑ በየሰው ቤት ተደብቀው መገናኘት ጀመሩ። ጉለሌ ውስጥ አንዱ መገናኛ የእኛ ቤት ነበር። እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ አንዱ ከጳውሎስ በኩል፣ ሌላዋ ከቁስቋም ቁልቁል። መዝሙሩን በሹክሹክታ ነበር የሚዘምሩት። ሰባት ትልልቅ ሰዎች ተጠጋግተው ሲያንሾካሹኩ ማየት ልጅን ያስፈራል።

የምፈራበት ምክንያትም ነበረኝ። አባቴ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከእንዲህ ያለ ጸሎት ላይ ተወስዶ ሁለት ወር ታስሯል። ሲፈታ እግሩ ጫማ አልገባ ብሎት ብዙ ጊዜ በነጠላ ጫማ ነበር የሚሄደው። ምን እንዳደረጉት ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ እግሩን አይቼዋለሁ።

ልደቱ የእናቴ ሐሳብ ነው። «ሰው ድንገት ቢገባብን የልጅ ልደት ነው እንላለን» አለች። «ልደት ከሆነ ደግሞ ዳቦ መኖር አለበት።»

«ውሸት አይሆንም፣ እማዬ?» አልኳት። ቤታችን ውስጥ ውሸት በአርጩሜ ያስገርፍ ነበር።

«አንቺ ዳቦውን ጋግሪ። ሌላውን ለእኔ ተዪው» አለችኝ።

የእሁድ ዳቦ በዚህ መንገድ የእኔ ሥራ ሆነ። መጋገሩ ከባድ አልነበረም። ቅዳሜ ከቀበሌ ሱቅ የተሰጠንን ዱቄት እነፋና፣ ካለፈው ሳምንት ያስቀረሁትን እፍኝ ሊጥ እንደ እርሾ ጨምሬ በለብታ ውኃ አቦካለሁ። ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ስኳር ከተገኘም አንድ ማንኪያ። እሁድ ጠዋት ኩፍ ብሎ ይጠብቀኛል። ድስቱን ዘይት ቀብቼ፣ ኮባ አንጥፌ እገለብጠዋለሁ። ከታች የከሰል ምድጃ፣ ከላይ ክዳኑ ላይ ፍም። ስንጥር ሲወጉት ስንጥሩ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በስሏል ማለት ነው። እነሱ ሳሎን ሲጸልዩ እኔ ጓሮ ካለው ኩሽና ሆኜ እሳቱን እጠብቃለሁ።

ፍርሃቴ ሁሉ ወደዚያ ድስት ሄደ። ዳቦው ቀድሞ ከበሰለ አባቴ አይወሰድም፤ ካልበሰለ ይወሰዳል። በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩ ይኸው ነበር።

በዚያ እሁድ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሊጡ በብርዱ ምክንያት አልነሳ አለ። ከሰሉ ውኃ ገብቶበት ይጨሳል እንጂ አይቀጣጠልም። እንግዶቹ ሁሉ ገብተው፣ አባቴ በሩን ዘግቶ፣ እኔ ገና ድስቱን መጣዴ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የውጭው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ። በእጅ አልነበረም፤ በሰደፍ ነው።

የገባው ሰውዬ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነበር። ከአብዮቱ በፊት ወፍጮ ቤት ይሠራ እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል። ብቻውን ነው የመጣው። ካፖርቱ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ አንግቷል። ሳሎን ውስጥ የነበሩትን ሰዎች በዓይኑ አንድ በአንድ ቆጠረ።

«ምን ስብሰባ ነው?»

«ስብሰባ አይደለም፣ ጓድ» አለች እናቴ። «የልጄ ልደት ነው።»

«በየት አገር ነው ድሃ ልደት የሚያከብረው?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ያንቺ ነው? ዳቦውስ?»

በእጄ ወደ ኩሽናው አመለከትኩ። ተከተለኝ። የድስቱን ክዳን ከነፍሙ አነሳና ጣቱን ዳቦው ላይ ጫን አደረገ። ጣቱ ሰመጠ።

«ይሄ እኮ ሊጥ ነው።»

«ከሰሉ ረጥቦብኝ ነው» አልኩት። በዚያ ቀን ከተባለው ሁሉ እውነት የነበረው ይኼ ብቻ ነው።

ጣቱን በካፖርቱ ጠርጎ ወደ ሳሎን ተመለሰ። እኔም ከኋላው ሮጥኩ፤ አባቴን ሳላየው ይወስደዋል ብዬ ፈርቼ።

ልክ በዚያ ሰዓት ነው ጎረቤታችን የገቡት። አጥር የምንጋራቸው፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ የቁስቋም ማርያም ማኅበርተኛ፣ ጾም የማያጓድሉ። ከእኛ ጋር አይዋደዱም ነበር። ልጆቻቸው እኛ ቤት እህል እንዳይቀምሱ ይከለክላሉ፤ እናቴንም «እመቤቴን የካደች» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ግን በሳህን ቆሎ ይዘው፣ ነጠላቸውን ከዝናቡ ተከናንበው ቀጥ ብለው ገቡ።

«ዘገየሁባችሁ አይደል? ዝናቡ እኮ አላስወጣኝ አለ። ልደተኛዋ የታለች?» ብለው ሳብ አድርገው ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚያ በፊት ስመውኝ አያውቁም። ከዚያ ሰውዬውን አዩት። «አንተ ደግሞ ምን ያስቆምሃል? ቁጭ በል እንጂ፤ ልደት ቆሞ አይበላም።»

ሰውዬው እሳቸውን አየ፣ እናቴን አየ። «እሺ እማማ» አለ። «እንግዲያው ዳቦው እስኪበስል እጠብቃለሁ።»

ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። መጽሐፍ ቅዱሱ ከአግዳሚው ፍራሽ ሥር ነበር። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ሰውዬው ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ቆሎ መቆርጠም ጀመረ።

«ዝፈኑ እንጂ» አለ። «ዘፈን የሌለበት ልደት አለ?»

እንግዶቹም ወላጆቼም ዓለማዊ ዘፈን ትተናል ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የሚያውቁት እንኳን ቢሆን ያን ጊዜ ከአፋቸው አይወጣም። ጎረቤታችን እጃቸውን አጨብጭበው የሰርግ ዘፈን አነሱ። እናቴ ተቀበለቻቸው። አባቴ ከምቱ ውጪ ያጨበጭብ ነበር። ወንድሜ በመሃል ደስ ብሎት «ባለፈው የእኔ ነበር!» ብሎ ጮኸ።

«ባለፈው መቼ?» አለ ሰውዬው።

«ልጅ ምን ቀን ያውቃል» አሉ ጎረቤታችን፤ ለወንድሜም እፍኝ ቆሎ አፉ ውስጥ ጨመሩለት።

እኔ ወደ ኩሽና ሮጥኩ። አራገብኩ፤ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለው። ብዙ ካራገብኩ ከሥሩ ያርራል፣ ከተውኩት ይጠፋል። ስንጥሩን ወጋሁት፤ ሊጥ ይዞ ወጣ። ደግሜ ወጋሁት። ሳሎን ውስጥ ጭብጨባው በቆመ ቁጥር አባቴን ያስነሳው እየመሰለኝ ጆሮዬን አቆማለሁ። ሱሪዬ ላይ ሽንቴ አምልጦኝ እንደነበር እንኳን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ጎረቤታችን ከቤታቸው ደረቅ ከሰል ይዘው መጡ። አጠገቤ ቁጢጥ ብለው «ፍሙን ወደ ዳር ዳሩ አድርጊው። መሃሉን ያሳርርብሻል» አሉኝ።

«እትዬ፣ ያውቃሉ እንዴ?»

«በአጥሩ ሁሉም ይሰማል፤ በየሳምንቱ የሚወለድ ልጅ አይቼ አላውቅም» አሉ። «አሁን ዝም ብለሽ አራግቢ።»

ስንጥሩ ደረቅ ሆኖ ሲወጣ አስር ሰዓት አልፎ ነበር። ዳቦውን ሰፌድ ላይ ገልብጠው እሳቸው ተሸክመው ገቡ። እንደ ታላቅነታቸው በስመ አብ ብለው ቆረሱት። ሰውዬው አንድ ቁራሽ በላ፤ ደገመ። ሁላችንም አፉን እናይ ነበር።

«እርሾው ኮምጥጧል» አለ። «ዱቄቱ ግን ደህና ነው።»

አንድ ቁራሽ በጋዜጣ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ «እዚህ ቤት ልደት በዝቷል» አለ። «የሚመጣው እሁድ ባይኖር ጥሩ ነው።»

ሲሄድ አንድም ሰው እግዚአብሔር ይመስገን አላለም። እንግዶቹ አንድ በአንድ ሹልክ ብለው ወጡ። እናቴ የጎረቤታችንን ጉልበት ልትስም ስታጎነብስ ትከሻዋን ይዘው አስነሷት።

«ሃይማኖታችሁን አልወደውም፤ ከዛሬ ጀምሮ እወደዋለሁ እንዳትዪኝ» አሏት። «ግን ያን ጊዜ ባልሽ ሲመጣ እግሩን በአጥር አይቼዋለሁ።» ሳህናቸውን አንስተው ሄዱ።

ያ ሳምንት ከእሁዱ ይልቅ ያስፈራ ነበር። ሰውዬው የተናገረው ዛቻ ይሁን ምክር አልገባንም። እናቴ ማስጠንቀቁ ነው አለች፤ አባቴ ሊያጠምደን ነው አለ። በመጨረሻ አባቴ ለሰዎቹ እንዳይመጡ ላከባቸው። ቅዳሜ መጽሐፍ ቅዱሱን በካርቶን አድርጎ ይዞ ወጣ፤ የት እንዳደረሰው አልነገረንም። እኔም ሊጥ አላቦካሁም።

እሁድ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አብዮት ጥበቃዎች መጡ፤ ስድስት ሆነው፣ ሁለቱ በአጥር ዘለው። አራታችን ሽሮ እየበላን ነበር። የዱቄቱን ጣሳ ገለበጡት፤ የአግዳሚውን ፍራሽ በሳንጃ ቀደዱት፤ ጣራው ሥር ሳይቀር ፈተሹ። ምንም አላገኙም። አለቃቸው «ማነው እዚህ ቤት ሰው ይሰበሰባል ያለው?» ብሎ ጮኸ። ያ ሰውዬም አብሯቸው ነበር፤ ኩሽናው በር ላይ ቆሞ ዝናቡን ያያል። አንድ ጊዜም ወደ እኔ አልዞረም።

ከዚያ በኋላ ጸሎቱ ሌላ ቤት ሆነ፤ እኛን ልጆቹን አይወስዱንም ነበር። አባቴ ዳግመኛ አልታሰረም። ሰውዬው እንዳዳነን ወላጆቼ በግልጽ ሲናገሩ ባልሰማም፣ እናቴ በጸሎቷ «ያን ሰው» ስትል ማንን እንደሆነ አውቅ ነበር።

እኔ ግን ማመስገን አልቻልኩም። ጥቂት ወራት ቆይቶ ቀበሌ ሱቅ ዘይት ልወስድ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከኋላዬ የሰው ትንፋሽ ተሰማኝ። ዞር ስል እሱ ነው፤ ጠመንጃ የለውም፣ እንደ ማንም ሰው ጠርሙስ ይዟል። «ደህና ነሽ?» አለኝ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። ከፊቴ የቀረው ሁለት ሰው ብቻ ሆኖ ሳለ ወረፋዬን ጥዬ ሮጥኩ።

እናቴ ባዶውን ጠርሙስ አየች። ከእጄ ተቀበለችኝና ነጠላዋን ደርባ ራሷ ሄደች።