የአቶ ደምሴ ስፒከሮች

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ብሩክ ከሚዛን ፎቶ ላከልኝ። ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች ናቸው፤ ፊታቸው በቡናማ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ጠርዛቸው የተፋፋቀ። ከሚዛን አጠገብ አማን ውስጥ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ አግኝቷቸው ኖሮ፣ «ጋሼ፣ የየት አገር ሥራ ናቸው? ስንትስ ያወጣሉ?» ይላል። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለውን ዕቃ አሳደው የሚገዙ ወጣቶች በዝተዋል አሉ። ፎቶውን እያሰፋሁ አየሁት። ስፒከር ከፊት ሲያዩት ብዙም አይናገርም። «ጀርባቸውን አስፈትተህ አንሣና ላክልኝ» ብዬ ጻፍኩለትና ስልኩን አስቀመጥኩ። ሐሳቤ ግን ቀኑን ሙሉ ቴፒ ነበር።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ሚዛን ተፈሪ ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ የምጠግንባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። ሌላ ጠጋኝ እንደ ልብ ስለማይገኝ ስሜ ከሥራዬ ቀድሞ ሩቅ ሄዷል። ክረምት መግቢያ ላይ፣ ጋሽ ኃይሌ የሚባሉ የቴፒ ሽማግሌ እግራቸው በጭቃ እንደተለወሰ ሱቄ ገቡ።

«ልጄ፣ አንድ ዕቃ እንድትገምትልን ፈልገን ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴፒ መናኸሪያው አካባቢ ሻይ ቤት የነበራቸው አቶ ደምሴ አርፈዋል። ሁለት ልጆች ትተዋል። ታላቁ ታደሰ የመጀመሪያ ሚስታቸው ልጅ ነው፤ ማሻ ማር ይነግዳል። ታናሿ ዘነበች ከሁለተኛዋ፣ ከሸኮ ተወላጇ ሚስታቸው የተወለደች ናት፤ ሻይ ቤቱን እሷ ይዛለች። ቤቱና የቡናው ማሳ ያለ ጠብ ተከፍሏል። የቀሩት አንድ የውጭ አገር የቡና ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ለአቶ ደምሴ የተወላቸው ሁለት ስፒከሮች ናቸው። አንድ መንገደኛ ነጋዴ ሻይ ሊጠጣ ገብቶ «እነዚህ እኮ የቆርቆሮ ቤት ያሠራሉ!» ብሎ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት መነጋገር ትተዋል።

«ታዲያ አንዳንድ አይወስዱም?» አልኩ እየሳቅሁ።

«ብለን ነበር። እሱ ሁለቱንም ካልወሰድኩ አለ። እሷ ደግሞ ካሉበት አይነሡም አለች። ዋጋቸው ከታወቀ አንዱ ሌላውን ይካስ ብለን ነው።»

ካቻቢቴዬንና ቴስተሬን በጨርቅ ጠቅልዬ አብሬያቸው በጭነት መኪና ተሳፈርኩ። ያን ጊዜ የቴፒ መንገድ በዝናብ ከሾፌሩ ይልቅ የተሳፋሪውን ትከሻ ይፈልጋል፤ ወርደን ገፋን፣ ተሳፈርን፣ ደግሞ ወረድን። ቁልቁል በወረድን ቁጥር አየሩ ይሞቃል፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ይላል፤ ከዛፉ ሥር ደግሞ ቡናው ገና አረንጓዴ ፍሬውን ይዞ ዝናብ ያንጠባጥባል። መኪናውን ጭቃ የያዘው ቦታ ላይ አንዲት ሴት ትኩስ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ትሸጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤት ተጋብዤ በልቻለሁ፤ ያንን ጎደሬ የሚያህል ግን አላስታውስም። ምናልባት ረሃቡ ይሆናል።

ቴፒ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ታደሰ መናኸሪያው ላይ ጠበቀኝ። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ምሳ ጋበዘኝና ስለ ማሻ ብርድ፣ ስለ ማር ዋጋ ሲያወራ ቆይቶ፣

«ስማ ወንድሜ፣ መክፈት የግድ ነው?» አለኝ።

«የምኑን?»

«የስፒከሮቹን። አንተ ባለሙያ ነህ፣ ከውጭ አይተህ መገመት አያቅትህም። አሮጌ ናቸው በል። እኔ እህቴን እክሳለሁ።»

በርካሽ ሊወስዳቸው ነው ብዬ ጠረጠርኩ። «ሳልከፍት ዋጋ አልናገርም» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። ምሳውንም አልጨረሰም።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሻይ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደሩ። ዘነበች ደንበኞቿን አስወጥታ በሩን ገርበብ አደረገችው። አጭር፣ ፈጣን ልጅ ናት፤ ጥቁር ሻሿን ገና አላወለቀችም። ስፒከሮቹ ከአባቷ ለቅሶ ወዲህ ድምፅ አላሰሙም። ስማቸው የተጻፈበት ምልክት ወልቋል፤ አንዱ ሽማግሌ የእንግሊዝ ነው፣ ሌላው የጣሊያን ነው ይላሉ። የሣጥኑ የእንጨት ልባጥ በደንብ የተሠራ ነው። በጣቴ መታ መታ አደረግሁት፤ እንጨቱ እንደ ጥሩ በር ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ መለሰ።

የመጀመሪያውን ጀርባ ፈታሁ። ወፍራም ማግኔት፣ ከባድ የብረት ክፈፍ፣ ክፈፉ ላይ ደግሞ ምዕራብ ጀርመን የሚል ጽሑፍ። እንዲህ ያለውን በትምህርት ቤት ሥዕል ላይ እንጂ በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር።

ወደ ሁለተኛው ስዞር ታደሰ ከወንበሩ ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። ፊቱን ወደ ውጭ አደረገ።

ሣጥኑ የመጀመሪያው መንትያ ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ወረቀት ከነማግኔቱ ተለውጧል። የገባው ቀለል ያለ፣ የሌላ አገር ሥራ ነው። ልኩ አልገጥም ስላለ ዙሪያው በእንጨት ቀለበት ተሞልቶ፣ በማስቲሽ ተጣብቆ፣ ሽቦው በጥንቃቄ ተበይዷል። የባለሙያ እጅ አይደለም፤ የትዕግሥተኛ ሰው እጅ ነው።

«ይኼኛው ተቃጥሎ ሌላ ገብቶለታል» አልኩ።

ታደሰ ዞረ። «ገብቶለታል?»

«አዎ፣ ቆየት ብሏል። ይሠራል።»

«ማን አደረገው?»

«አባባ ነው» አለች ዘነበች። «እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አንተ ማሻ የሄድክ ሰሞን ጅማ ወስዶት፣ ለእሱ የሚሆን ጠፍቶ፣ ይኼን ገዝቶ መጣ። እዚችው ጠረጴዛ ላይ ሲታገል ከረመ።»

ታደሰ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ። ጌጫ ከተማ አንድ ጓደኛው ሲያገባ አባቱን ሳያስፈቅድ አንዱን ስፒከር ወስዶ ከትልቅ ማጉያ ጋር አገናኝቶት ኖሯል። ከውስጡ ጭስ ወጣ። አምጥቶ ቦታው አቆመውና፣ ሥራ አገኘሁ ብሎ ማሻ ሄደ። አባቱ አንድ ቀን ይከፍተውና ያውቅብኛል እያለ፣ ከዚያም በእርግጥ አውቋል፣ ተቀይሞኛል እያለ፣ እስከ ቀብሩ ድረስ ቴፒን አልረገጠም። ሁለቱንም ልውሰድ ያለውም ሌላ ሰው ከፍቶ እንዳያየው ነበር።

«አልተቀየመህም፣ ወንድም ጋሼ» አለች ዘነበች። «ለምን ትደክማለህ ስለው፣ ‹ታደሰ ሲመጣ ሁለቱም ሲጮኹ ያግኛቸው› ነበር የሚለኝ። ለምን እንደሚል ያወቅሁት አሁን ነው።»

ታደሰ ጋቢውን ፊቱ ላይ አደረገ። እህቱ ሄዳ አላቀፈችውም፤ እንዲያ ዓይነት ሰዎች አልነበሩም። ሻይ ቀድታ አጠገቡ አስቀመጠችለትና ሌላ ሥራ የጀመረች መሰለች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

እኔ ጀርባዎቹን መልሼ ገጠምኩ፤ የሻይ ቤቱን ሬዲዮ በመኪና ባትሪ አስነሥቼም ከእነሱ ጋር አገናኘሁት። አንዱ ጥልቅ፣ ሌላው ትንሽ ሻከር ያለ ድምፅ አወጡ። ሥራዬ ነውና ተነሥቼ ግምቴን ተናገርኩ፦ ሁለቱም እንደ ጥንታቸው ቢሆኑ ኖሮ አንድ ጥሩ በሬ ይገዙ ነበር፤ አሁን ግን ጥንድነታቸው ስለፈረሰ ከግማሹም በታች ናቸው፤ የቆርቆሮ ቤቱ ነገር ባዶ ወሬ ነው። መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደምናገረው ሳስብ ነበር የመጣሁት። የሰማኝ ሰው ግን አልነበረም። ታደሰ ሻካራውን ስፒከር ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል።

«እዚሁ ይሁኑ» አለ በመጨረሻ። «እኔ እየመጣሁ እሰማቸዋለሁ።»

ከብዙ ዓመት በኋላ ዘነበችን ሚዛን ገበያ አገኘኋት። ስፒከሮቹን ጠየቅኋት። «ዝም ካሉ ቆይተዋል፤ አይጥ ጨርቁን በላው። ቴሌቪዥኑን አስቀምጬባቸዋለሁ» ብላ ሳቀች። «እሱ ግን ለፋሲካ ቀርቶ አያውቅም።»

ብሩክ የጀርባውን ፎቶ ዛሬ ጠዋት ላከልኝ። የሌላ ፋብሪካ ሥራ ናቸው፤ ውስጣቸው አልተነካም። ዋጋቸውን ነገርኩት፤ በጣም ደስ አለው። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ዕቃ ስገምት ኖሬ፣ ሣጥን ሲከፈት የባለቤቱን ፊት ማየት ልማድ ሆኖብኛል።

«ሻጩን የማን እንደነበሩ ጠይቀው» አልኩት።

«ምነው ጋሼ፣ ዋጋ ይጨምራል እንዴ?»

«አይጨምርም» አልኩት። «ግን ጠይቀው።»