መምህር ሀይለመለኮት ቢላዋ ሲስል

ጎረቤቴ መምህር ሀይለመለኮት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ያስተምራል። ደግ ሰው ነው፤ ብቻ ዶሮ ማረድ አይሆንለትም። በዓል በደረሰ ቁጥር ሚስቱ የብርጓል በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ «አያ ገዳሙ፣ ኧረ ብቅ ይበሉ!» ትለኛለች፤ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ሄጄ አርድላቸዋለሁ። ሴት አታርድ፣ ባልየው አይደፍር፣ ታዲያ ማን ቀረ? አሥር ዓመት እንዲህ ኖርን። እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኝ ነበር።

ያምናውን ፋሲካ ግን እኔ ሉማሜ እህቴ ዘንድ ዋልሁ። የብርጓል አባት፣ አባ ወልደ ሰንበት፣ ከአማኑኤል ከተማ ለበዓል መጥተው ኖሯል። ሀይለመለኮት በአማቱ ፊት አራጅ ፍለጋ መውጣት አሳፍሮት ቢላዋውን እሱው አነሣ። አውራ ዶሮው አንገቱ ግማሽ ተቆርጦ ከእጁ አመለጠ፣ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረና ጎመኑ ውስጥ ወደቀ። ሽማግሌው አይተው አይተው «እኔ ልጄን የሰጠሁ ለወንድ መስሎኝ!» አሉ። ይህችን ቃል ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሀይለመለኮት «ቢላዋው ዱልዱም ሆኖብኝ ነው» ብሎ ድርቅ አለ።

አማቱ ዘንድሮም እንደሚመጡ ሲነገረው፣ ሁዳዴ በገባ በማግሥቱ ቢላዋ መሳል መማር ጀመረ። ስልኩ ላይ ባየው ቪዲዮ የሚያሳዩት የመሳያ ድንጋይ ዋጋው ለአስተማሪ አይቀመስም። ስለዚህ የሚስቱን ሲኒዎች ገለበጠ፤ የሲኒ ቂጥ ሻካራ ነውና ቢላዋ ይስላል። ደግሞ «ሃያ ዲግሪ» እያለ የቢላዋውን አያያዝ በፕሮትራክተር ይለካል። ጧት ማታ ሲፍቅ ድምፁ አጥሩን አልፎ ጥርሴን ያጠርሰኛል።

«ምነው ሀይሌ፣ ዶሮ ልታርድ ነው ወይስ በሬ?» አልሁት።

«ይሳቁ፣ አያ ገዳሙ፣ ግድ የለም። ዘንድሮ እንኳ እርስዎን አናስቸግርም።»

በጣም ተናደድሁ። አሥር ዓመት ያረድሁለት ሰውዬ!

ጾሙ ግን ችግር አመጣበት። በቤቱ ሥጋ የሚባል ነገር የለምና ስለቱን በምን ይፈትነው? ጎመኑን ከተፈ፣ ቲማቲሙን ከተፈ፣ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ሸነተረ። በመጨረሻ የክንዱን ጠጉር መላጨት ያዘ። ሆሳዕና ሲደርስ ሁለቱም ክንዶቹ የሕፃን ጉንጭ መስለው፣ ትምህርት ቤት ጉርድ እጅጌ መልበስ ተወ። ሲኒዎቹም ቂጣቸው ተበልቶ ይንጋደዱ ጀመር።

«ዶሮው ሳይደርስ ሲኒዎቼን አርዶ ጨረሳቸው!» ትላለች የብርጓል።

ቅዳም ሹር ደረሰ። አባ ወልደ ሰንበት ቄጤማቸውን በራሳቸው ዙሪያ አስረው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እኔ አጥር የማጠብቅ መስዬ ቆሜያለሁ። ሽማግሌው ቢላዋውን ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ።

«ማነው የሳለው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!»

የሀይለመለኮት ፊት በራ። ዶሮውን አመጣ፣ ክንፉን ረገጠ፣ «በስመ አብ» ብሎ ቢላዋውን አንገቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ቀጥ አለ። ዶሮው እሱን ያያል፣ እሱም ዶሮውን ያያል። እሱም ግንባሩ ላይ ካሰረው ቄጤማ ሥር ላቡ ወረደ። ሁለተኛ «በስመ አብ» አለ። ሦስተኛም አለ።

«አልችልም፣ አባባ» አለ በመጨረሻ። «አምናም ቢላዋው አልነበረም። እኔ ነኝ።»

የብርጓል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሁዳዴውን ሙሉ ስስቅበት የከረምሁት እኔ እንኳ አንጀቴን በላው።

አባ ወልደ ሰንበት ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለማንም እንዳታወሩ። እኔም ቤት ዶሮ የሚያርድልን ድረስ የሚባል ጎረቤታችን ነው። ይኸው አርባ ዓመቱ።»

«ለዚህ ነው በዓል በደረሰ ቁጥር ውሃ ቅጂ እያሉ ወንዝ ይልኩኝ የነበረው?» አለች የብርጓል ነጠላዋን ገልጣ።

ሽማግሌው ቶሎ ብለው ወደ አጥሩ ዞሩና «አንተ፣ ያ አጥር ጠብቋል፤ ና ግባ!» አሉኝ።

ገባሁ። እንደ ልማዴ ልገዘግዝ ጉልበቴን ሳሰባስብ ነገሩ አልቆ ነበር። አንዴ ነካ፣ በቃ። እኔን ጎበዝ የሚሉኝ ለካ አሥር ዓመት በዱልዱም ቢላዋ ስገዘግዝ ኖሬ ነው! አፈርሁ።

ሀይለመለኮት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል።

«አለቀ?»

«አልቋል።»

«ሲጮህ አልሰማሁም።»

«አልጮኸም» አልሁት።

«ተመስገን። ያምናው ዶሮ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኝ ነው እኮ። እኔ ባልችል እንኳ፣ ማንም ቢያርደው እንዳያመው ብዬ ነው እንዲህ የሳልሁት።»

ልስቅ ነበር፤ አልቻልሁም። ቤቴ ሄጄ ሦስቱንም ቢላዋዎቼን አምጥቼ እፊቱ አስቀመጥሁለት።

«በራስዎ ሲኒ ከሆነ ነው!» አለች የብርጓል ከጓዳ።